የማንአልሞሽ «ይግቡ»

ማንአልሞሽ ባለሱቁን ናኦድን በሪሞት ኮንትሮል ፈነከተችው ይባላል። ሲያትል፣ ቼሪ መንገድ ላይ ይህንን የማያውቅ የለም። ግማሹ ሰው አምቡላንሱ ሲመጣ አይቷል፤ ግማሹ ናኦድ ስንት ቦታ እንደተሰፋ ያውቃል። ፀጉር የምትሠራው ወርቅዬ ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ነው የያዘችው። ማንአልሞሽ አዲስ አበባ ሳለች አንድ የፊልም ተዋናይ ወድዳ ነበር፤ ናኦድ ያንን ፊልም አድሶ ሊሸጥ ሲል የሰውየውን ፊት አየችና አበደች፤ ሪሞቱን አነሳች፤ አለቀ። ወርቅዬ ይህንን ስትናገር ሹሩባ እየሠራች ስለሆነ ጭንቅላትሽ በእጇ ነው። አላምንም ብለሽ የትም አትሄጂም።

ውሸት ነው። ሪሞቱ ከማንአልሞሽ እጅ ፈጽሞ አልወጣም። እንዲያውም የዚያን ቀን ጠብ የከረረው አልሰጥም ብላ ይዛው ስለቀረች ነው። ናኦድ ግንባሩ ላይ የለጠፈው ፕላስተር ከሱቁ ጓዳ ነው የመጣው፤ በርበሬ ሊያወርድ የመደርደሪያውን በር ራሱ ከፍቶ ራሱ ገጨው። አምቡላንሱ ከሱቁ በላይ የሚኖሩት ፈረንጅ ሽማግሌ ልባቸውን ሲያማቸው የመጣ ነው። ተዋናይ የተባለውንም ሰው ማንአልሞሽ በአካል አይታው አታውቅም። ወርቅዬ ያን ቀን እዚያ አልነበረችም፤ ሁሉን ያወቀችውም ለዚህ ነው።

ንዴቱ ግን እውነት ነው። ወሬኛው ሁሉ ደሙን እያወራ ንዴቱን ረሳው እንጂ፣ መወራት የነበረበት እሱ ነበር።

ማንአልሞሽ ስልሳን የተሻገረች፣ ሾርላይን የምትኖር፣ ኤቨረት የአውሮፕላን ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት የምትቆጣጠር ሴት ናት። ሥራዋ «አይሆንም» ማለት ነው። የተሠራውን ዕቃ ታገላብጣለች፣ ጣቷን ትሰድበታለች፣ ጭረት ካገኘች ቀይ ወረቀት ትለጥፍበታለች። ቀይ የተለጠፈበት ዕቃ ሰማይ አያይም። ችግሩ፣ እሷ ከሥራ ስትወጣ ጣቷ ከሥራ አይወጣም። ሠርግ ላይ የቬሎውን ስፌት ታያለች። ለቅሶ ቤት ገብታ የሟቹን ፎቶ ታቃናለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማይክሮፎን ሲያፏጭ ምእመኑ ወደ ቴክኒሻኑ አይዞርም፤ ወደ እሷ ነው የሚዞረው፣ ፊቷን ሊያይ።

ከሁሉ በላይ የምትጠላው ቃል «ይበቃል» ነው። «ለኛ ሰው ይበቃል» ሲባል ከሰማች ያ ቀን ተበላሸ። «ፈረንጅ የሚቀመጥበት ወንበር ብሎኑ ሲላላ አውሮፕላን ይቆማል» ትላለች። «ለኛ ሲሆን ክንፉ ቢወልቅም ይበቃል! ምነው፣ እኛ ስንወድቅ አያመንም?»

አሁን ወደ ፊልሙ። «ቁልፉ ከጎረቤት ነው» ይባላል፤ የቪዲዮ ካሴት ዘመን ሊያልቅ ሲል አዲስ አበባ የተሠራ ነው። አንድ ባል ለሥራ ብሎ ክፍለ ሀገር ይሄድና እዚያው ይከርማል። ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ። አንድ ቀን ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሲመጣ ቤቱ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ደግሞ ከጎረቤት ነው፤ ጎረቤቲቱ «ባለቤቷ ትምጣ» ብላ አልሰጥም ትለዋለች። ደጃፉ ላይ ቁጭ ይላል። ሚስቱ ከሥራ ስትመጣ ተመልካች ሁሉ ጥፊ ይጠብቃል። እሷ ግን ቁልፉን ተቀብላ፣ በሩን ከፍታ፣ ወደ ጎን ቆም ትልና፣ ያንን ዕድሜ ልኳን «አንተ» ስትለው የኖረችውን ሰውዬ፣ «ይግቡ» ትለዋለች።

ሌላ ቃል የለም። እንግዳ ነህ ማለቷ ነው። ወንበር እሰጥሃለሁ፣ ውሃ አቀርብልሃለሁ፣ ቁጣዬን ግን አታገኘውም ማለቷ ነው። ሰውን በአክብሮት ከቤት ማስወጣት በኛ ቋንቋ ይቻላል። በሩን ከፍተው «ይግቡ» እያሉ ያስወጡታል።

ማንአልሞሽ ይህችን ቃል የወደደችው በፊልም ብቻ አይደለም። ባለቤቷ ይርጉ ታሪኩን ራሱ እየሳቀ ያወራዋል። መጀመሪያ ሲያትል የመጡ ጊዜ ሴንትራል ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር ነበሩ፤ ይርጉ የጭነት መኪና ይነዳል። አንዴ ጭነት ይዞ ቴክሳስ ወረደና «እዚህ ሥራ አለ» ብሎ ቀረ። መጀመሪያ ስልክ ይደውል ነበር፣ ኋላ እሱም ቀረ። በመጨረሻ ገንዘቡም ወሬውም አልቆበት ተመለሰ።

«በሩን ከፈተችና 'ይግቡ' አለችኝ» ይላል ይርጉ። «ያንን ፊልም እኮ አብረን ነው ያየነው! 'ኧረ ማኔ፣ ስደቢኝ' አልኳት። 'እርስዎን? ምን በወጣኝ' አለችኝ። ከዚያ በኋላ ይብሉ፣ ይጠጡ፣ ይተኙ ነው። እንዲያ ያለ ድብደባ በሕይወቴ አልቀመስኩም። አንድ ጠዋት በመስኮት አየችኝና 'አንተ ደደብ፣ እዚያ ፓርክ አታድርግ፣ ይጎትቱታል!' ብላ ጮኸች። መሪውን አቅፌ ነው ያለቀስኩት። ደደብ ተባልኩ እኮ፣ ጌታዬ! ቤቴ ገባሁ ማለት ነው።»

ካሴቱ ከአዲስ አበባ በሻንጣዋ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ታወጣዋለች፤ እዚያ ቦታ ሲደርስ ትመልሰዋለች፣ ታዳምጠዋለች፣ ደግሞ ትመልሰዋለች።

ናኦድ ቼሪ ላይ እንጀራ፣ ቅመምና ነጠላ የሚሸጥ ሱቅ አለው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ችኩል ነው። ፊልሙን «የታደሰ፣ የጠራ፣ ልዩ እትም» ብሎ በዲስክና በፍላሽ ሊያወጣ ተነሳ። አዲስ አበባ ያሉት ባለቤቶች ፈቀዱለት፤ ዋናውን ቅጂ ግን ጎርፍ በልቶታል። ሌላው ሰው እጅ የነበረው ካሴት ሁሉ ላዩ ላይ ክርስትናና ምርቃት ተቀርጾበታል። የቀረው የማንአልሞሽ ብቻ ነው። ሾርላይን ድረስ ሄዶ ለመናት።

«እትዬ ማኔ፣ ካሴት ይሞታል፤ ዲጂታል አይሞትም» አላት።

«እሺ፤ ግን ከመታተሙ በፊት እኔ አያለሁ። በእመቤቴ ማል።»

ናኦድ ጴንጤ ነው፤ አይምልም። «ቃሌ አዎ ከሆነ አዎ ነው» አላት።

«እኔ የምሠራበት ቦታ ቃል አይበቃም፤ ፊርማ ነው። ለማንኛውም ውሰደው፤ ጌታህ ይታዘብህ» ብላ ሰጠችው።

ካሴቱ እየተገለበጠ ሳለ ማሽኑ ጠቅልሎ በጣጠሰው። ቅጂው ግን ቀድሞ ተወስዶ ስለነበር፣ ናኦድ ኮል አድርጎ ሲነግራት ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። እንግዲህ የፊልሙ ዕጣ ናኦድ ኮምፒውተር ውስጥ ባለው ላይ ወደቀ። እሱ ከተበላሸ ሌላ የለም።

እሁድ ከሰዓት፣ ከቅዳሴም ከአምልኮም መልስ፣ ሱቁ ጓዳ ውስጥ ትልቁ ቴሌቪዥን ፊት ተሰበሰቡ። ማንአልሞሽ፣ ይርጉ፣ ናኦድ፣ አንቱ የሚባሉት ሽማግሌ ጋሽ ተክለ ጻድቅ፣ ጥቂት ደንበኞችም አሉ። በማግስቱ ዲስኩ ወደ ማተሚያ ይሄዳል። ማንአልሞሽ ገና ሳትቀመጥ ሪሞቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችው።

ፊልሙ ጀመረ። ጀመረና ቆመ።

«ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የወፈረው?»

«ስክሪኑን እንዲሞላ ነው፣ እትዬ ማኔ። የድሮው ጠባብ ነበር፤ ሶ፣ ስትሬች አደረግነው» አለ ናኦድ።

«ሰው ሊጥ ነው እንዴ የሚለጠጠው? ቀጭን ስለሆነ እኮ ነው ያሳዘነን! እንዲህ ጠግቦ የመጣውንማ እኔም በሩን አልከፍትለት።»

ቀጠለ። ጎረቤቲቱ መጣች። ቆመ።

«ማድያቷስ?»

«ማሽኑ አጠራው። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው።»

«ማን አክምልኝ አለው? ሴትዮዋ በማድያቷ ነው የምንለያት! አሁን ሁሉም የሻማ ልጅ መስለዋል።»

ሚስቲቱ ብቻዋን ተቀምጣ በምታለቅስበት ቦታ ላይ፣ ከእንባዋ ሥር «ትኩስ እንጀራ በየቀኑ፣ ቼሪ መንገድ» የሚል ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ሮጠ። ማንአልሞሽ ናኦድን አየችው። ናኦድ ጣራውን አየ። ቀጥሎ ሚስቲቱ «ሆድ ይፍጀው» አለች፤ ጋሽ ተክለ ጻድቅ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ከሥር የወጣውን እንግሊዝኛ አነበቡና «ይቺ ልጅ ጨጓራ አለባት እንዴ?» አሉ። ጽሑፉ ሆዴን አቃጠለኝ ነው የሚለው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማንአልሞሽም ሳቀች ማለት ይቻላል፤ በአፍንጫዋ ተነፈሰች።

እስከዚህ ድረስ ችላለች። የወፈረውን ቀጭን፣ የታከመውን ማድያት፣ እንባ ላይ የሚሮጠውን እንጀራ፣ ሁሉን «ይስተካከል» ብላ አለፈችው። ናኦድም ለሁሉም «ኦኬ፣ ኦኬ» ብሏል። ከዚያ ባልየው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ሚስቲቱ መጣች። ቁልፉን ተቀበለች። በሩን ከፈተች። ወደ ጎን ቆመች።

«ግባ» አለችው።

ያውም በሌላ ሴት ድምፅ። ማንአልሞሽ መለሰችው። ግባ። ደግሞ መለሰችው። ግባ። ይርጉ አንገቱን ደፋ።

«ናኦድ።»

«አቤት፣ እትዬ ማኔ።»

«ምን አለችው?»

«ግባ አለችው።»

«ካሴቱ ላይስ ምን ነበር ያለችው?»

ናኦድ ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ ናት ነገሩን ያባባሰችው። «ካሴቱ እዚያ ቦታ ላይ ሽሽሽ ነው የሚለው፤ ድምፅ የለውም። ልጄ ሐሴት ናት የሞላችው። ከአዲስ አበባ የተላከልን ጽሑፍ ላይ 'ይግቡ' ይላል፤ እሱን እኔ ነኝ ያረምኩት። ባሏን አንቱ ትለዋለች እንዴ? የአዲስ አበባ ልጅ እኮ ናት!»

«አረምክ?» ማንአልሞሽ ተነሳች። «አረምክ አልከኝ? ስንዴውን ነቅለህ እንክርዳዱን ውሃ ያጠጣህ አራሚ! ከዚያ ፊልም ውስጥ አንድ ቃል ብቻ አውጣ ብትባል ያቺን ነው ያወጣኸው! እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ስለ ማድያት አወራለሁ፤ አንተ ልቧን ቆርጠህ ቅርጫት ከተሃል!»

«እትዬ ማኔ፣ አንድ ቃል እኮ ነው።»

«ታዲያ አንድ ቃል ከሆነ ለምን አልተውካትም?»

ናኦድም ሰው ነው፤ ደሙ ፈላ። «ካሴቱን ማን አበላሸውና ነው? ሌላው ቦታ ሁሉ ደህና ነው። እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ተልጧል። አንድ ሰው እየመለሰ፣ እየመለሰ ጨርሶታል!»

ጋሽ ተክለ ጻድቅ መነጽራቸውን አወለቁ። ማንአልሞሽ ፊቷ ቀላ፤ ግን አላፈገፈገችም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ! ጫማህ ቢያልቅ እግርህን ያርሙልሃል? ሽሽሽ የሚለውን መልሰው። ምንም አትበል። በሩን ትክፈት፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ፣ ዝም ይበል። የሚያውቅ ሰው ያውቃል።»

«ደንበኛ ተበላሽቷል ብሎ ይመልስብኛል። ለኛ ሰው ደግሞ ይሄ...»

«እንዳትላት!»

«...ይበቃል» አለ ናኦድ፣ ቃሉ ቀድሞት ከአፉ ወጥቶ።

ይርጉ በሚስቱና በናኦድ መካከል ወንበሩን ሳብ አደረገ። እዚህ ላይ ነው እንደ ወርቅዬ ወሬ ቢሆን ኖሮ ሪሞቱ መወርወር የነበረበት፤ አልተወረወረም። ጋሽ ተክለ ጻድቅ እጃቸውን አነሱ።

«ልጆች፣ ተረጋጉ። ቃሉን ያለችው ልጅ እዚሁ ናት። ተጠርታ ደግማ ትበለው፤ ይኸው ነው።»

ሐሴት ከፊት ለፊት ካሽ ሬጂስተሩ ጋ ነበረች፤ መጣች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ እዚሁ የተወለደች፣ ደግ ልጅ። «ሃይ ጋሼ፣ ደህና ነህ?» አለቻቸው ጋሽ ተክለ ጻድቅን። እሳቸውም ጉንጯን ስመው «ይቺ ልጅ አንተ ስትለኝ ዕድሜዬ ይቀንሳል» አሉ። እንዲህ እያልን ነው እንግዲህ ማንም ያላስተማራት።

ነገሩ ተነገራት። «ይግቡ? ኦ፣ ይሄንንማ አውቀዋለሁ!» አለች። ናኦድ ስልኩን ለመቅዳት አዘጋጀ። ሐሴት ጎንበስ አለች፣ ሁለት እጇን ዘረጋች፣ ጥርሷ በራ፦ «ይግቡ! ይግቡ! ስንት ናችሁ?»

ቅዳሜ ቅዳሜ ሬስቶራንት በር ላይ ቆማ ሰው የምታስገባ ልጅ ናት። «ይግቡ»ን የምታውቀው ከዚያ ነው፤ ሌላ ቦታ ሰምታው አታውቅም። ሁሉም ሳቀ። አንዷ ብቻ አልሳቀችም።

«ሳቁን ተይው፣ የኔ ልጅ። ቀዝቀዝ አድርጊው። ሰውየው በድሎሻል።»

«ሶ ተናድጃለሁ?»

«አልተናደድሽም። ንዴቱ አልፎልሻል።»

«ካልተናደድኩ፣ ኦኬ፣ ይቅር ብዬዋለሁ?»

«የለም!»

ሐሴት ግራ ገባት። «ባት እትዬ፣ ከጠላሁት ለምን አከብረዋለሁ?»

«ማክበር አይደለም፣ ማራቅ ነው። እንግዳ ነው የምታደርጊው።»

«እንግዳ እኮ ጥሩ ነገር ነው» አለች ልጅቷ ከልቧ። «እንግዳ ሲመጣ እኛ ሃፒ ነን።»

ምን ይባላል? ደግማ ሞከረች፤ የስልክ መልስ መስጫ መሰለች። ሌላ ሞከረች፤ ፖሊስ መሰለች። በመጨረሻ ጋሽ ተክለ ጻድቅ «እስቲ አንቺው በይው፣ ማንአልሞሽ» አሉ።

ማንአልሞሽ ወደ ጓዳው በር ሄደች። ከፈተችው። ወደ ጎን ቆም አለች። ማንንም አላየችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

«ይግቡ።»

ይርጉ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አላወቀም። አንዱ ደንበኛ ኮፍያውን አወለቀ። ሐሴት «ኦ ማይ ጋድ» አለች በሹክሹክታ። እንዲህ ነው የሚባለው፤ አለቀ፤ ይቀዳ! ግን ናኦድ ስልኩን ዝቅ አደረገው።

«አሪፍ ነው፣ እትዬ ማኔ። ግን ፊልሙ ላይ ያለችው ልጅ ወጣት ናት። ያንቺ ድምፅ ደግሞ...»

«ጨርሰው።»

«ትንሽ ከበድ ይላል።»

«አሮጊት በል፤ አፍህን ምን ያዘው! ሽሽሽ አልፈልግም አልክ፣ የልጅቷ አልሆነም፣ የኔ አሮጌ ነው። ታዲያ ምን ቀረህ?»

«ያለው ቀረኛ!» ናኦድ እጁን ለሪሞቱ ዘረጋ፤ አልሰጠችውም። «እትዬ ማኔ፣ አከብርሻለሁ፣ ግን ነገ ይታተማል። ግባ አለችው፣ ይግቡ አለችው፣ ሰውየው ገብቷል አይደለም እንዴ? ገባ እኮ!» አለና ጎንበስ ብሎ የቴሌቪዥኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለው።

ገባ እኮ! ይህንን ሲሰማ ይርጉ እንኳ፣ ያ ሁሉን በሳቅ የሚያሳልፈው ሰውዬ፣ «አልገባም!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልተረዳው።

ዲስኩ ወጣ። ሰውየው ቀጥኗል፣ የእንጀራው ጽሑፍ ከእንባው ሥር ተነስቷል፣ ማድያቱ እንኳ በመጠኑ ተመልሷል። ናኦድ ለሌላው ሁሉ ቃሉን ጠብቋል፤ ያችን አንዷን ቦታ ብቻ አልነካትም። ሰዉ ገዝቶ አይቶ «ጥርት ያለ ነው» ይላል፤ ሚስቲቱ «ግባ» ስትለው «ደግ ሴት፣ ይቅር አለችው» ብለው ያለቀሱም አሉ። ይህንን ለማንአልሞሽ የነገራት የለም፤ እኛም አንነግራትም።

ያን እሁድ ጃኬቷን ለብሳ፣ ይርጉን አስከትላ፣ የሱቁ በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ናኦድ ገመዱን እንደያዘ ነበር፤ ጋሽ ተክለ ጻድቅ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። እሷ ሐሴትን ነበር የምታየው፤ የተናገረችው ግን ለሁላችንም ነው።

«ይቺ ልጅ ነገ ከነገ ወዲያ ታገባለች። ባሏ ከልቧ የወጣ ቀን፣ በምን ቃል ትነግረዋለች?»